የሚጥል በሽታ መድኃኒት የጎንዮሽ ጉዳት፦ ታግሰን የምናልፈው የትኛው ነው? በዚያው ቀን ሐኪም ቤት የሚያስሮጠንስ?

ፋርማሲ_ደሴ | ሰኞ ከምሽቱ 1፡20

ሰላም ለሁላችሁ። መድኃኒት ቤት መስኮት ላይ በየዕለቱ የሚነሳ ጉዳይ ስለሆነ ክር ልክፈትለት። «ኪኒኑ አፈዘዘው፤ አስተውነዋል» የሚል ቤተሰብ ብዙ ነው። መፍዘዙ እውነት ነው። ማስተው ግን የባሰ አደጋ ያመጣል፤ መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥ በሽታው በጥቂት ቀናት ውስጥ አይሎ ይመለሳል፣ አንዳንዴም ሰውየው ሳይነቃ ደጋግሞ ይጥለዋል።

የጎንዮሽ ጉዳት ሁለት ዓይነት መሆኑን እንያዝ። አንደኛው ከመጠን ጋር አብሮ የሚወጣና የሚወርድ ነው፦ ድብታ፣ መንገዳገድ፣ አንዱን ሁለት አድርጎ ማየት፣ ማቅለሽለሽ። ሰውነት ሲለምደው ወይም ሐኪሙ መጠኑን ሲያስተካክለው ይቀንሳል። ሁለተኛው ሰውነት መድኃኒቱን አልቀበልም ሲል የሚመጣው ነው፦ ትኩሳት ያለው ሽፍታ፣ የአፍ መቁሰል፣ የዓይን መቅላት፣ የቆዳ መላጥ። አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 8 ሳምንታት ነው የሚታየው። ለመጀመሪያው ዓይነት መድኃኒት አይቆምም። ለሁለተኛው ግን አንድ ፍሬ ሳይጨመር ወዲያውኑ ሆስፒታል ነው።

ከፌኖባርቢታል ልጀምር፤ ከ1912 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሰጥ ነው፣ በእኛም አካባቢ ብዙ ሰው የሚውጠው እሱን ነው። ለአዋቂ ብዙ ጊዜ በቀን ከ60 ሚሊ ግራም ተጀምሮ እንደ ሁኔታው እስከ 180 ይደርሳል። ከሰውነት የሚወጣው ቀስ ብሎ ነው፤ የዛሬው ፍሬ ግማሹ እስኪወጣ ከ3 እስከ 4 ቀን ይፈጃል። የነገው በዛሬው ላይ እየተደረበ ይሄድና በደም ውስጥ ያለው መጠን የሚረጋው ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቆይቶ ነው። ስሕተቱ የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። በ5ኛው ቀን ሲጥለው «አልሠራለትም» ተብሎ አንዱ ፍሬ ሁለት ይደረጋል። በ3ኛው ሳምንት ሰውየው ምላሱ ተሳስሮ፣ እየተንገዳገደ ይመጣል፤ ቤተሰቡም መድኃኒቱን ይረግማል። ያሰከረው ሐኪሙ ያዘዘው ሳይሆን ቤት ውስጥ የተደረበው ነው።

በቀን አንድ ጊዜ ከታዘዘ ማታ ይዋጥ። አረቄ፣ ጠላና ጠጅ ከዚህ መድኃኒት ጋር አይገጥሙም፤ ሁለቱም አንጎልን የሚያስተኙ ናቸውና ሲገናኙ ትንፋሽን ያዳክማሉ። ማሽን ላይ የሚሠራ ወይም ባጃጅ የሚነዳ ሰው ሥራውን ለሐኪሙ ሳይደብቅ ይንገር።

ሲስተር_ሆጤ | ሰኞ ከምሽቱ 2፡05

ወንድሜ ጥሩ ጀምረኸዋል። ስለ ልጆች ልጨምር። ፌኖባርቢታል አዋቂን እንደሚያስተኛ ሁሉ ልጅን የሚያስተኛ ይመስለናል። ብዙ ልጅ ላይ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ይቅበጠበጣል፣ አይቀመጥም፣ ይቆጣል፣ ሌሊት ይነቃል። መምህሩ «ልጁ ባለጌ ሆነ» ይላል፣ እናትም ትቀጣዋለች። ልጁ አላጠፋም። ጠባዩ የተለወጠው መድኃኒቱ ከተጀመረ ወይም ከተጨመረ ወዲህ ከሆነ ቀኑን ጽፋችሁ ለሐኪሙ አሳዩ፤ ወደ ሌላ መድኃኒት ቀስ በቀስ ማዛወር ይቻላል።

የልጅ መጠን በኪሎ ነው። ፌኖባርቢታል ሲጀመር በቀን ከ2 እስከ 3 ሚሊ ግራም በኪሎ ነው፤ 15 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ከ30 እስከ 45 ሚሊ ግራም ማለት ነው። አምና 15 ኪሎ የነበረ ልጅ ዘንድሮ 19 ከሆነ ያው መጠን ሊያንሰው ይችላል። ስለዚህ በየቀጠሮው ይመዘን።

ካርባማዜፒን የተባለው ሌላው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ሽሮፕ ደግሞ ብዙ ጊዜ በ5 ሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም የያዘ ነው። መድኃኒቱ ውኃው ውስጥ ሟሙቶ አይደለም ያለው፤ ዱቄቱ ተንሳፍፎ ነው። ጠርሙሱ ሳይናጥ ከተቀዳ ዱቄቱ ወደ ታች ይዘቅጥና የመጀመሪያው ሳምንት ማንኪያ ቀጭን፣ የመጨረሻው ሳምንት ማንኪያ ወፍራም ይሆናል። ልጁ በወሩ መጀመሪያ ይጥለዋል፣ በወሩ መጨረሻ ይንገዳገዳል፤ ቤተሰቡ ግን አንድ ዓይነት እየሰጠ ነው። ጠርሙሱን ገልበጥ መለስ እያደረጋችሁ በደንብ ናጡ፣ ታቹን በብርሃን እዩት፣ የተጋገረ ነገር ከቀረ እንደገና ናጡ። የወጥ ማንኪያ መለኪያ አይደለም፤ መርፌ የሌለው ባለ 5 ወይም ባለ 10 ሲሪንጅ ግዙ።

ከቦርከና_ማዶ | ሰኞ ከምሽቱ 2፡31

ለሁለታችሁም ምስጋና። ካርባማዜፒን 200 ጠዋት ከተዋጠ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ዕይታ ይደራረባል፣ ራስ ያዞራል፤ ከሰዓት በኋላ ይለቃል። ለምን ሰዓት ጠብቆ ይመጣል? ደግሞስ ከወር በኋላ ለምን በሽታው እንደገና ብቅ ይላል?

ጤና_መኮንን_ቃሉ | ሰኞ ከምሽቱ 3፡10

ሰዓት ጠብቆ የሚመጣው በደም ውስጥ ያለው መጠን ከፍ የሚልበት ሰዓት ስለሆነ ነው። ዘዴው ብዙ ጊዜ አጠቃላይ መጠኑን መቀነስ ሳይሆን መከፋፈል ነው፤ በ2 የነበረውን በ3 ማድረግ፣ ከምግብ ጋር መዋጥ፣ ወይም ቀስ ብሎ ወደሚለቀው ዓይነት መቀየር። ቀስ ብሎ የሚለቀው አይፈጭም፣ አይታኘክም፤ ከተፈጨ የቀኑ ሙሉ መጠን ባንድ ጊዜ ይለቀቅና ያ መደራረብ በእጥፍ ይመጣል።

ሁለተኛው ጥያቄህ ትልቅ ነው። ካርባማዜፒን ጉበትን «እኔን ቶሎ አስወግደኝ» ብሎ የሚያሠለጥን መድኃኒት ነው። ሥልጠናው ከ3 እስከ 5 ሳምንት ይወስዳል። በመጀመሪያው ሳምንት በቂ የነበረው መጠን በ5ኛው ሳምንት የሚያንሰው ለዚህ ነው። ለአዋቂ በቀን ከ100 ወይም ከ200 ተጀምሮ ቀስ እያለ የሚወጣውም ለዚሁ ነው። በዚህ ጊዜ ቢጥል መድኃኒቱ ከሽፏል ማለት አይደለም፤ የመጨመሪያው ቀጠሮ ደርሷል ማለት ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ካርባማዜፒን በደም ውስጥ ያለውን ጨው ያወርዳል። በተለይ ዕድሜያቸው ለገፋና ለደም ግፊት የሚያሸና መድኃኒት ለሚወስዱ አባቶችና እናቶች አደገኛ ነው። ራስ ምታት፣ ግራ መጋባት፣ ማስመለስ፣ የመውደቁ ቁጥር መብዛት ምልክቶቹ ናቸው። «መድኃኒቱ አነሰው» ተብሎ ሲጨመር ጨዉ ይበልጥ ይወርዳል፣ ሰውየውም ይበልጥ ይጥለዋል። ከመጨመሩ በፊት የሶዲየም ምርመራ ጠይቁ።

ፋርማሲ_ደሴ | ሰኞ ከምሽቱ 3፡24

ስለዚሁ ኪኒን አንዲት ነገር ልጨምር፤ ካርባማዜፒን እርጥበት ይጠላል። እንፋሎት ካገኘው ፍሬው ድንጋይ ሆኖ ይጠጥርና ሆድ ውስጥ በደንብ አይሟሟም፤ ኃይሉ እስከ ሲሶ ሊጎድል ይችላል። ምድጃ አጠገብ መደርደሪያ ላይ ወይም መታጠቢያ ቤት አታስቀምጡት። ከማሸጊያው ፈልቅቆ በፌስታል መቋጠርም አይሆንም። በክረምት የጦሳ ተራራ ጉም ቤት ድረስ ለሚገባባቸው ሠፈሮች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ክዳኑ የሚጠብቅ ዕቃ ውስጥ አድርጋችሁ መኝታ ቤት አስቀምጡት።

የጥርስ_ነገር | ማክሰኞ ከጠዋቱ 1፡15

ፌኒቶይን የሚወስዱትን አትርሷቸው። ድድ ያሳብጣል፤ ያብጣል ስል በጥርሶቹ መካከል እንደ ትንሽ ባቄላ ጉብ ጉብ እያለ ወጥቶ ጥርሱን እስከመሸፈን ይደርሳል። ሲነካ ይደማል፣ ሽታ ያመጣል። ብዙ ጊዜ ከተጀመረ ከ3 ወር በኋላ ነው የሚጀምረው። የሚብሰው ጥርስ ላይ ቆሻሻ ሲከማች ነው፤ ስለዚህ ጠዋትና ማታ ለስላሳ ብሩሽ ይኑር። መፋቂያ የለመደ ሰው ጫፉን በደንብ አኝኮ እንደ ብሩሽ ያለስልሰው፤ ጠንካራው ጫፍ ያበጠውን ድድ ይወጋል። ያበጠውን ቆርጦ ማንሳት ይቻላል፤ መድኃኒቱ ካልተቀየረና ንጽሕና ካልተጠበቀ ግን ተመልሶ ይበቅላል።

ጤና_መኮንን_ቃሉ | ማክሰኞ ከጠዋቱ 2፡00

ከድዱ የበለጠ የሚያሳስበው የመጠኑ ነገር ነው። ጉበት ለፌኒቶይን እንደ ወፍጮ ቤት ነው። ወፍጮው በቀን የሚፈጨው የተወሰነ ነው፤ እስከዚያ ድረስ የመጣለትን ሁሉ ይፈጫል። ከአቅሙ ትንሽ ካለፈ ግን ትርፉ በሙሉ ደጅ ላይ ይከመራል። በቀን 300 ሚሊ ግራም ደህና የነበረ ሰው 400 ሲደረግለት መጠኑ በሲሶ ብቻ የጨመረ ይመስላል፤ በደሙ ውስጥ ያለው ግን እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። የሰከረ ሰው ያህል ይንገዳገዳል፣ ዓይኑ ወደ ጎን ሲያይ ይርገበገባል፣ አነጋገሩ ይኮላተፋል። ስለዚህ እላይ ሲደረስ የሚጨመረው በ25 ወይም በ50 ነው እንጂ በ100 አይደለም። የሚርገበገብ ዓይን ያያችሁ ቤተሰቦች፣ ቀጣዩን ፍሬ ከመስጠታችሁ በፊት የክትትል ክፍሉን አማክሩ።

አብሽር_ወሎ | ማክሰኞ ከቀኑ 6፡40

አሰላሙ አለይኩም። በረመዳን እንዴት ይደረግ? በቀን 3 ጊዜ የታዘዘለት ሰው የቀኑን እየዘለለ ይጾማል፣ ማታ ሁለቱን ባንድ ላይ ይውጣል። የጎንዮሽ ጉዳቱ ያን ጊዜ ነው የሚብሰው።

ሲስተር_ሆጤ | ማክሰኞ ከቀኑ 7፡30

ወአለይኩሙ ሰላም። ትክክል ነው፤ ሁለቱን ባንድ ላይ መዋጥ ማታ ማዞርና ማስመለስ፣ ቀን ደግሞ መውደቅ ያመጣል። መፍትሔው በጾሙ ዋዜማ ሳይሆን ከረመዳን በፊት ባለው በሻዕባን ወር መጀመሪያ ሐኪሙ ጋ መሄድ ነው። ፌኖባርቢታል ማታ አንድ ጊዜ ስለሆነ ችግር የለበትም፤ ከተራዊሕ (ከረመዳን የማታ ሶላት) በኋላ ይዋጥ። ለሱሑር የተዋጠ እንደሆነ ግን ጠዋቱን በሙሉ ያንቀላፋል። ካርባማዜፒንና ሌላው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ቫልፕሮኤት ቀስ ብሎ በሚለቀው ዓይነት ተተክተው ለኢፍጣርና ለሱሑር በ2 ሊከፈሉ ይችላሉ። በእኛ አገር ቀኑና ሌሊቱ ብዙ ስለማይራራቅ ከምሽቱ 12፡40 ገደማ እስከ ሌሊቱ 10፡30 ድረስ 10 ሰዓት ያህል፣ ቀኑ ደግሞ 14 ሰዓት ያህል ይሆናል፤ ቀስ ብሎ የሚለቀው ይህን ይሸፍናል። ቫልፕሮኤት በባዶ ሆድ ጨጓራ ያቃጥላል፤ ከተምሩና ከሾርባው በኋላ ይዋጥ።

ከጾሙ በላይ የሚጥለው የእንቅልፍ ማጣት ነው። ሌሊቱን በጫት ያሳለፈ ሰው የማታ ፍሬውን ይረሳል፣ እንቅልፍም ያጣል፤ ሁለቱ ተደምረው ይጥሉታል። ለሕመምተኛ ማፍጠር የተፈቀደ መሆኑንም አትርሱ። ለዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት ለምትቆዩ ክርስቲያኖችም ነገሩ ያው ነው፤ የጠዋቷን ፍሬ ለመዋጥ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ።

እናት_ነኝ_ከሰኞ_ገበያ | ማክሰኞ ከምሽቱ 12፡50

ስለ ሴቶች የሚጽፍ የለም?

ፋርማሲ_ደሴ | ማክሰኞ ከምሽቱ 1፡45

አለ እህቴ፤ እንዲያውም በዋነኝነት መነጋገር ያለብን እዚህ ላይ ነው።

ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን የእርግዝና መከላከያ ሆርሞንን ከሰውነት ቶሎ ያስወግዳሉ። በየቀኑ የሚዋጠው እንክብል ይዳከማል፣ ክንድ ላይ የሚቀበረውም ኃይሉ ይቀንሳል። ጤና ጣቢያ የቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ስትሄዱ ስለሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚጠይቅ ላይኖር ይችላልና እናንተው ተናገሩ። የ3 ወሩ መርፌና ማሕፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕ ግን ከነዚህ መድኃኒቶች ጋር ይሠራሉ። ላሞትሪጂን የተባለው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ላይ ያለች ሴት ደግሞ ጉዳዩ ተገልብጦ ነው፤ ኤስትሮጅን ያለው እንክብል ላሞትሪጂኑን ያወርደዋል፣ በሽታው ይነሳል።

ቫልፕሮኤት የጸጉር መሳሳት፣ የእጅ መንቀጥቀጥና ክብደት መጨመር ያመጣል፤ እነዚህ የሚታዩ ናቸው። የማይታየው ግን ለጽንሱ የሚያደርሰው ነው። በእርግዝና ወቅት ከተወሰደ ከ100 ሕፃናት 10 ያህሉ ላይ የአካል ጉድለት ያስከትላል፣ ከ100 ከ30 እስከ 40 የሚሆኑት ደግሞ በዕድገትና በትምህርት ይቸገራሉ። ልትወልድ የምትችል ሴት ሌላ አማራጭ እያለ ይህ ሊሰጣት አይገባም። እየወሰደች ያረገዘች ግን በራሷ አታቁም፤ መውደቁም ለእናትም ለጽንስም አደጋ ነው። በዚያው ሳምንት ሐኪም ታማክር።

ፎሊክ አሲድን በተመለከተ፣ በእርግዝና ክትትል የሚሰጠው ከአይረን ጋር ያለው ፍሬ በውስጡ ያለው 0.4 ሚሊ ግራም ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለምትወስድ ሴት የሚመከረው 5 ሚሊ ግራም ነው፣ እሱም ከማርገዟ በፊት ጀምሮ። «አይረኑን እወስዳለሁ» ማለት በቂ አይደለም። ስትወልድ ደግሞ አዋላጇ መድኃኒቱን ትወቅ፤ ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን ሕፃኑን የመድማት አደጋ ላይ ይጥሉታልና 1 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ኬ መወጋቱን አረጋግጡ።

ከቦርከና_ማዶ | ማክሰኞ ከምሽቱ 2፡20

ኮምቦልቻ ወባ አለ። ከወባ መድኃኒት ጋርስ?

ጤና_መኮንን_ቃሉ | ማክሰኞ ከምሽቱ 3፡05

ኮአርተም በሽታውን አይቀሰቅስም። ግን ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይንና ፌኖባርቢታል በውስጡ ያሉትን መድኃኒቶች ቶሎ ያስወግዷቸዋል፤ ወባው ሳይጠፋ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ለመርማሪው ተናገሩ፤ ቅባት ካለው ምግብ ወይም ከወተት ጋር ዋጡት፣ 6ቱንም ጊዜ ጨርሱ፣ ትኩሳቱ በ3ኛው ቀን ካልተወ ተመለሱ። ሜፍሎኩዊን የተባለው የወባ መድኃኒት ግን የሚጥል በሽታ ላለበት አይሰጥም።

ሌሎቹን በአጭሩ ልበል። ትራማዶል በሽታውን ይቀሰቅሳል፤ ለወገብና ለጥርስ ሕመም ብላችሁ ከሰው አትቀበሉ፣ ፓራሲታሞል ይሻላል። ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለው አንቲባዮቲክም እንደዚሁ ሊቀሰቅስ ይችላል። ኤሪትሮማይሲንና ክላሪትሮማይሲን ካርባማዜፒንን በደም ውስጥ ያከማቹታል፤ ለጉሮሮ የታዘዘ መድኃኒት ከተጀመረ በ2 እና በ3 ቀን ማዞር ከመጣ ምክንያቱ ይኸው ነው። የቲቢ መድኃኒት የጀመረ ሰው ደግሞ በአንድ ጊዜ በሁለት ወገን ይሳባል፦ አይሶናያዚድ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒንን ከፍ ያደርጋል፣ ሪፋምፒሲን ያወርዳል። በ2 ሳምንት ውስጥ እንደገና መታየት አለበት። ዶሉቴግራቪር ያለበት የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካርባማዜፒን ከተሰጠው ዶሉቴግራቪሩ 50 በቀን 2 ጊዜ ይሆናል፤ ከፌኒቶይንና ከፌኖባርቢታል ጋር ግን አይመከርም።

ፌኖባርቢታል ላይ ቫልፕሮኤት ሲጨመር ደግሞ ቫልፕሮኤቱ ፌኖባርቢታሉን እንዳይወጣ ይይዘዋል። አዲሱ ኪኒን የሚያስተኛ ይመስላል፤ የሚያስተኛው ግን አሮጌው ነው። ዝቅ የሚደረገውም አሮጌው ነው።

ቆዳና_ሽፍታ | ረቡዕ ከጠዋቱ 2፡30

ሽፍታውን በቅርብ እንየው። ደረት ላይ ቀላ ያሉ ነጠብጣቦች ብቻ ከሆኑ፣ ትኩሳት ከሌለ፣ በዚያው ቀን ለሐኪም ይታዩ። የሚያስፈራው ሌላ ነው፦ ከሽፍታው አንድ ሁለት ቀን ቀድሞ ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ይመጣል፣ ከንፈር ይቆስላል፣ ዓይን ይቀላል፣ ሽንት ሲሸና ያቃጥላል፣ ነጠብጣቡ መሐሉ ጠቆር ብሎ ሲነካ ያምማል፣ ከዚያ ውኃ ቋጥሮ ይላጣል። አፉን ከፍታችሁ በባትሪ ብርሃን እዩ። አፍ ውስጥ ቁስል ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ ቅባትም አይቀባም። መድኃኒቱን አቁሙ፣ ማሸጊያውን ይዛችሁ የቅርቡ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ቦሩ ሜዳ ለቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው፤ በዚህ ሁኔታ ግን የሚመረጠው ቶሎ የሚደረስበት ነው።

በካርባማዜፒን ሽፍታ የወጣበት ሰው በፌኒቶይን፣ በፌኖባርቢታልና በላሞትሪጂንም ሊወጣበት ስለሚችል አንዱን በሌላው መተካት አደገኛ ነው። የመድኃኒቱን ስም በክትትል ካርዱ ሽፋን ላይ በትልቁ አስጽፉ። ላሞትሪጂን ደግሞ ሽፍታ የሚያመጣው ሲቸኮል ነው። ለብቻው የሚወሰድ ከሆነ ለአዋቂ 2 ሳምንት በቀን 25 ሚሊ ግራም፣ ቀጥሎ 2 ሳምንት 50 ነው። ቫልፕሮኤት አብሮ ካለ በግማሽ ይቀንሳል። ከ5 ቀን በላይ የተቋረጠ ከሆነ እንደገና ከታች ይጀመራል እንጂ ካቆመበት አይቀጠልም።

አብሽር_ወሎ | ረቡዕ ከቀኑ 5፡10

ጸበል ወይም ሩቅያ ላይ ያለ ሰውስ? ብዙው የሚያቆመው እዚያ ነው።

ሲስተር_ሆጤ | ረቡዕ ከቀኑ 6፡00

እምነቱን ማንም አይነካውም። ጸበሉም ሩቅያውም ከኪኒኑ ጋር አይጣላም፤ ፍሬዋን በጸበሉ ማወራረድ ይቻላል። 14 ቀን ለሚቆይ 14 ቀን የሚበቃ ቆጥራችሁ ስጡት፣ አብሮት ለሚሄደው ሰውም ሰዓቱን አስረዱ። የሚያስፈራኝ የቆመው ፌኖባርቢታል ነው። ከሰውነት ቀስ ብሎ ስለሚወጣ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ምንም ሳይሆን ያልፋሉ፣ «ተሻለኝ» ያሰኛል፤ ከዚያ ባልታሰበ ሰዓት፣ ምናልባትም ውኃ ዳር፣ ይጥለዋል። ሐኪም ሲያስቆመው እንኳ በወራት እየቀነሰ ነው።

ፋርማሲ_ደሴ | ረቡዕ ከምሽቱ 1፡30

ከባቲ፣ ከወረኢሉ፣ ከደላንታ ለምትመጡ፦ የመጨረሻው ፍሬ እስኪያልቅ አትጠብቁ፤ 7 ቀን የሚበቃ ሲቀር ተነሱ። መድኃኒቱ ቢጠፋ ወይም መኪና ባይገኝ መጠባበቂያ ይሆናል። የተሰጣችሁ ፍሬ ቀለሙ ወይም ቅርጹ ከተለወጠ መስኮቱን ሳትለቁ ሚሊ ግራሙን አስነብቡ። በ30 ፋንታ ባለ 100 ፌኖባርቢታል ይዞ መሄድ ቀላል ስሕተት ነው፤ ሁለቱም ትንንሽ ነጭ ፍሬዎች ሊሆኑ ይችላሉ።

ከቦርከና_ማዶ | ረቡዕ ከምሽቱ 2፡15

የመጨረሻ ጥያቄ። ለሐኪሙ ምን ተጽፎ ይቅረብ? በቀጠሮ ቀን ሰው ብዙ ነው፣ ጊዜው አጭር ነው።

ጤና_መኮንን_ቃሉ | ረቡዕ ከምሽቱ 2፡50

የደብተር አንድ ገጽ ይበቃል። እንዲህ ይጻፍ፦

«ካርባማዜፒን 200፣ ጠዋት 1 ማታ 1። የካቲት 3 ከጠዋቱ 1 ሰዓት ዋጠ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ማዞር፣ 8 ሰዓት ለቀቀው። የካቲት 9 የማታውን ረሳ። የካቲት 10 ሌሊት ጣለው፣ 2 ደቂቃ። የካቲት 12 ለጉሮሮ ሌላ ኪኒን ጀመረ፣ ማሸጊያው ተያይዟል።»

የረሳበትን ቀን አትደብቁ። ሐኪሙ የረሳበትን ካላወቀ መድኃኒቱ ያነሰ ይመስለውና ይጨምራል። የተረሳች ፍሬ ትዝ ባለች ሰዓት ትዋጣለች፤ የሚቀጥለው ሰዓት ከተቃረበ ግን ትዘለላለች እንጂ ሁለት አትደረግም። ቫልፕሮኤት የሚወስድ ሰው ካስመለሰው፣ ሆዱን አጥብቆ ካመመው፣ ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ወይም ያለ ምክንያት ከበለዘ ደብተር የምትሞሉበት ጊዜ አይደለም፤ የጉበትና የደም ምርመራ በዚያው ቀን ይሠራለት።